ትኬቱ ነጻ ነው፣ ጫማችሁ ግን ምቹ ይሁን፦ የዋሽንግተኑ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚየም

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር የማዞርበት የተለመደ መንገድ አለኝ። ዋይት ሐውስን በአጥሩ በኩል፣ ከዚያ የሊንከን ሐውልት፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመልሶ ዶሮ ወጥ። ዘንድሮ አክስቴ ከደሴ ስትመጣ ግን ልጄ አመጸች። "እቴቴንም አጥር ልታሳያት ነው?" አለችኝ። እዚሁ የተወለደች የ15 ዓመት ልጅ ናት፣ በዚህ ዕድሜ ክርክር አይቻልም። ትኬቱን ራሷ በስልኳ ያዘችና ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን።

መጀመሪያ የሚጠቅማችሁን ልናገር። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰባራ ሳንቲም አይጠይቋችሁም። ግን ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት በድረ ገጻቸው ቀደም ብላችሁ መያዝ አለባችሁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ከሆነ። መኪናችሁን ተዉት። ከኛ ሰፈር በቀይ መስመር ሜትሮ ሴንተር ድረስ ሄዳችሁ እዚያ ከቀየራችሁ ቀጣዩ ፌርማታ ፌደራል ትራያንግል ነው፣ የቀረችው የእግር መንገድ ናት። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከያዛችሁ ዊልቸር ያውሳሉ፣ ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም። አክስቴ "እኔ ተሳልሜ የማልደክም ሴትዮ" ብላ፣ ለእንግድነት የገዛነውን አዲስ ጫማ አድርጋ ገባች፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነች እነግራችኋለሁ።

ሕንጻው ከዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ ነው። ዙሪያው ያለው ሁሉ ነጭ ድንጋይ ሆኖ እሱ ብቻ የነሐስ ቀለም አለው፣ ሦስት እርከን ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ። አክስቴ ከሩቅ አይታ "ሞሰብ ነው እንዴ?" አለች። ዴቪድ አድጃዬ የሚባለው አርክቴክት ሐሳቡን ያገኘው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ዮሩባዎች ከሚቀርጹት ባለ ዘውድ የእንጨት ምስል ነው። ሞሰብ ማለቷም ብዙ አልራቀችም።

የተከፈተው መስከረም 2016 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ለሁለት መቁጠር ያደክማል)። የዚያን ቀን ኦባማ ደወል ሲያስደውል አብራው የነበረችው ሩት ቦነር የምትባል የ99 ዓመት እናት ነበረች። አባቷ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። አያቷ አይደለም፣ አባቷ። ደወሉ ደግሞ ከቨርጂኒያ፣ ዊልያምስበርግ ከሚገኝ በ1776 በጥቁሮች ከተመሠረተ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። አሜሪካ "ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል" ብላ በጻፈችበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት "ታዲያ ያን የጻፉት ሰዎች ቤታቸው ባሪያ አልነበረም?" አለችኝ። ቆይ እቴቴ፣ እሱም እታች አለ አልኳት።

እታች ስል በእውነት እታች ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው፣ አብዛኛው ሕንጻ የተቀበረ ነው ማለት ይቻላል። ትልቅ አሳንሰር ውስጥ ያስገቧችሁና ሲወርድ በመስታወቱ በኩል ግድግዳው ላይ ዓመታቱ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፣ 1900ዎቹ፣ 1800ዎቹ እያለ እስከ 1400ዎቹ። አክስቴ ክንዴን ጨብጣ አማተበች። ከዚያ በሩ ሲከፈት ጨለም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጣሪያው የሚጫን ቦታ ነው። ሆን ተብሎ ነው። መርከብ ሆድ ውስጥ እንዳላችሁ እንዲሰማችሁ።

እዚያ ታች እኔን ያቆመኝ ነገር ላያችሁት ተራ ብረት ነው። የዛገ የብረት ጡብ። በ1794 ከሞዛምቢክ ተነስታ ወደ ብራዚል ስትሄድ ኬፕታውን አጠገብ የሰጠመች ሳኦ ዦዜ የምትባል የፖርቹጋል መርከብ ነበረች፣ ከ400 በላይ ሰው በሰንሰለት ታስሮባት፣ ግማሽ ያህሉ አለቀ። ብረቱ የመርከቧ ማመዛዘኛ ነው። ምክንያቱን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ሰው እንደ ሌላ ጭነት ከባድ አይደለም፣ ይንቀሳቀሳል፣ መንገድ ላይ እየሞተም ይቀንሳል። ስለዚህ መርከቧ እንዳትወላገድ በሰው ምትክ ብረት ይጨምራሉ። ይሄን በወረቀት ያሰላ ሰው ነበር። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሊሆን ይችላል። "እግዚአብሔርም ሰውን በመልኩ ፈጠረ" የሚለውን በልጅነቱ የተማረ፣ ምናልባት በቃሉ የሚያውቅ። ሰውየው መጽሐፉን አላጣውም፣ የእግዚአብሔርን መልክ ግን በኪሎ መዘነው።

ከብረቱ አለፍ ብሎ የልጅ እጅ የሚያክል ሰንሰለት አለ። ስለሱ ምንም አልጽፍም፣ ሄዳችሁ እዩት።

ስለ መጽሐፉ ካነሳሁ፣ በናት ተርነር መጽሐፍ ቅዱስ ፊት ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ። ትንሽ ናት፣ ሽፋን የላትም፣ ገጾቿ ጠርዛቸው የተበላ። ሰውየው ባሪያም ሰባኪም ነበር። ነሐሴ 1831 ቨርጂኒያ ውስጥ አመጽ መርቶ ሃምሳ ምናምን ነጮች ተገደሉ፣ ሕጻናትም ጭምር፣ በኋላም እሱ ተሰቀለ፣ ብዙ ያልነበሩበት ጥቁሮችም በበቀል ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ቨርጂኒያ ጥቁር ሰው እንዳይሰብክ ከለከለች። ሙዚየሙ ጥሩ ሰው ነው ወይም መጥፎ ሰው ነው ብሎ አይፈርድላችሁም፣ ይሄን ወድጄዋለሁ። እኔም መልስ የለኝም። ግን መጽሐፉን ማን እንደሚፈራው ካያችሁ ብዙ ነገር ይገባችኋል። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም ውስጥ፣ በ1807 ለንደን ላይ ለካሪቢያን ባሪያዎች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ለጊዜው ለእይታ ቀርቦ አይቼ ነበር። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው፣ ከአዲስ ኪዳንም ግማሽ ያህሉ ተቆርጧል። ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ ያወጣበት የለም። "ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም" የሚለው የገላትያ ቃልም የለም። ቆራጮቹ መጽሐፉን በደንብ አንብበውታል ማለት ነው፣ የት የት እንደሚያቃጥል አውቀዋል።

ወደ ሙዚየማችን ልመለስ። ከናት ተርነር መጽሐፍ ጋር እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው የሃሪየት ተብማን የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም ነበር። አክስቴ ይሄን ስትሰማ ደስ አላት። "እናቴስ ዳዊት ሳታነብ አይደል ትራስጌዋ አድርጋ የኖረችው?" አለች። ከጎኑ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላት ነጭ የሐር ሻሽ ተቀምጦ ነበር። አክስቴ ሻሹን ሳይሆን መዝሙሩን ነው ዞራ ዞራ ያየችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሙዚየሙ ግምገማ ትንሽ ልወጣ ነው፣ ታገሱኝ።

አንድ ድንጋይ አለ። ከሜሪላንድ፣ ከሄገርስታውን የመጣ፣ ከኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ሰው የሚሸጥበት ድንጋይ ነው፣ የሚሸጠውን ያቆሙበታል፣ ገዢ ዙሪያውን ቆሞ ጥርሱን ያያል። ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል። ጽሑፉ ምን ይላል? በ1830 አንድሩ ጃክሰንና ሄንሪ ክሌይ እዚህ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ ይላል። በቃ። ሁለት ፖለቲከኞች ቆመውበት ስለነበር ስማቸው ተቀረጸ። የተሸጡት ሰዎች አንድም ስም የለም።

ልጄ ለአክስቴ ማስረዳት ፈለገች። አማርኛዋ ደህና ነው፣ ይቺን ቃል ግን አላገኘችም። "አባዬ፣ ስሌቭ በአማርኛ ምንድን ነው?"

"ባሪያ" አልኳት።

ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች። "ስልክ ላይ ጓደኛህን የምትለው?"

አብሮ አደጌ ነው። ዳላስ ነው የሚኖረው። ጠቆር ያለ ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ "አንተ ባሪያ" ነው የምለው፣ እሱም ይስቃል፣ ሰፈሩም ይለዋል፣ ፍቅር ነው፣ ቀልድ ነው፣ ምናምን ነው። ይሄን ሁሉ ለልጄ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ድንጋዩ ፊት ለፊቴ ነበር። "እሱ ቀልድ ነው" ብቻ አልኳት። እሷም "ኦኬ" አለች። የዚህ አገር ልጅ "ኦኬ" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ታውቃላችሁ።

አክስቴ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ኋላ አጠገቡ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች (ጫማው ጀምሯታል) እና እንዲህ አለችኝ። "እናታችን ቤት አንዲት ሴትዮ ነበረች። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ። ቤተሰቦቿ ድሮ የአያታችን ነበሩ ይባላል።" በኛ አገር ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942 ነው፣ አክስቴ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ግን አዋጅ አንድ ነገር ነው፣ ማጀት ሌላ። "ስሟ ማን ነበር?" አልኳት። አሰበች። ብዙ አሰበች። "ባሪያዪቱ ነበር የምንላት።"

"ክርስትና አልተነሳችም?"

"እንዴት አትነሳም! የእናታችን የክርስትና ልጅ ነበረች እኮ።"

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቄስ ውሃ ባርኮ፣ ስም ሰጥቶ፣ በዚያ ስም በእግዚአብሔር ፊት አቁሟታል። ያንን ስም ግን ያዘለቻት ልጅ እንኳ አታውቀውም። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ጾም የማታፈርስ፣ ድሃ አይታ የማታልፍ ሴት ናት። ይሄ ነው የሚያስፈራው። እኛ ስለ ዘረኝነት ስናወራ "ቅኝ አልተገዛንም" ብለን ነው የምንጀምረው፣ አድዋን እንጨምርበታለን፣ ከዚያ ፈረንጁ ላይ እንፈርዳለን። ቃሉን እንኳ እዩት። አማርኛችን የተከበረ፣ ሥርዓት ያለው ሰውን "ጨዋ" ይለዋል። ጨዋ ማለት ድሮ ባሪያ ያልሆነ ማለት ነው። ገላትያ ላይ ያለውም እሱ ነው። ልጆቻችንን "ጨዋ ሁኑ" ስንል በየቀኑ ሳናውቀው ምን እያልን እንደሆነ ያን ቀን ነው የታየኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ግማሾቻችን ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ ተብለን በኩራት እንጠራለን። ገብር ማለትኮ ባሪያ ማለት ነው።

አክስቴ ተነስታ ስትሄድ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ "እሱ ራሱ የባሪያን መልክ ይዞ አይደል እንዴ የመጣው" አለች። የፊልጵስዩስ ቃል ነው። ብዙ ስብከት ሰምቼበታለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ከድንጋዩ ብዙም ሳይርቅ የጄፈርሰን ሐውልት አለ። ያ "ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል" ያለው። ከኋላው ጡብ ተደርድሮ በየጡቡ ላይ ስም ተጽፏል፣ በዕድሜው ሙሉ የእሱ ንብረት የነበሩት ከ600 በላይ ሰዎች ናቸው። አክስቴ ጠዋት የጠየቀችው መልስ ይሄ ነው። ልጄ ስሞቹን ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች፣ አክስቴ ደግሞ በየስሙ ከንፈሯን ትመጥጣለች። እዚያ ሃያ ደቂቃ ሳንቆይ አልቀረንም።

ከዚያ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ በዝግታ፣ በተዳፋት። የነጭና የጥቁር ክፍሉ የተለየ እውነተኛ የባቡር ፉርጎ አለ፣ ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ ሕንጻው ሳያልቅ በክሬን አውርደውት ነው ዙሪያውን የገነቡት። በ1963 አላባማ፣ በርሚንግሃም ውስጥ እሁድ ጠዋት አራት ልጃገረዶች በፈንጂ የተገደሉበት ቤተ ክርስቲያን የመስኮት ስብርባሪ አለ። የዚያን ቀን የሰንበት ትምህርታቸው ርዕስ "ይቅር የሚል ፍቅር" ነበር። ፈንጂውን ያጠመዱትም ክርስቲያን ነን ባዮች ናቸው።

የኤመት ቲል ሬሳ ሣጥን ለብቻው ክፍል ነው፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ገድለው ወንዝ ጣሉት። ገዳዮቹን ሁሉም ነጭ የሆኑ የጁሪ አባላት (ለፍርድ የተመረጡ ተራ ሰዎች ማለት ነው) አንድ ሰዓት አካባቢ ተወያይተው ነጻ ለቀቁ። እናቱ ግን ሣጥኑን አትዝጉ፣ ልጄን ምን እንዳደረጉት ሰው ሁሉ ይይ አለች፣ ቺካጎ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተከፍቶ ሕዝብ አየው። አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ማንም አላስረዳትም፣ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የገባችው። ልቅሶ ቤት እንደሆነ እንዴት አወቀች አትበሉኝ። አንዲት ትልቅ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት አይታት እጇን ያዘቻት። ቋንቋ የላቸውም፣ ተያይዘው ቆሙ።

ስትወጡ ውሃ ከጣሪያ ክብ ሆኖ የሚወርድበት ዙሪያውን መቀመጫ ያለው ክፍል አለ። እዚያ ሳትቀመጡ እንዳትወጡ። አክስቴ ጫማዋን አወለቀች፣ እኛም አልከለከልናት።

ምግቡ። ስዊት ሆም ካፌ ይባላል፣ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው። ትሪ ይዛችሁ የደቡቡን፣ የክሪዮሉን፣ የሰሜኑን እያላችሁ ታነሳላችሁ። ዋጋው የሙዚየም ዋጋ ነው፣ ለሦስት ሰው ስትከፍሉ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ። ዶሮ ጥብሱ ቅርፊቱ የሚሰበር፣ ውስጡ ጭማቂ ያለው ነበር፣ የበቆሎ ዳቦው ትንሽ ጣፈጠኝ። የተቀቀለው ጎመን ግን ሌላ ነው። ኮላርድ የሚሉት ነው፣ እኛም እዚህ አገር ጎመን ብለን የምንሠራው እሱኑ ነው። አክስቴ ቀምሳ "ቂቤና ቃሪያ ጎደለው እንጂ የኛ ነው" አለች። (ጾመኞች ተጠንቀቁ፣ የደቡብ ሰው ጎመን በብዛት ከሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው። ጠይቃችሁ ብሉ።)

ገበታው ላይ አክስቴ አንድ ጥያቄ አመጣች። "እናንተ ዘረኝነት ዘረኝነት የምትሉት የነሱን ነው ወይስ የኛን?" በአማርኛ ቃሉ አንድ ነው፣ የቆዳውም የብሔሩም። ልጄ ልዩነቱን ማስረዳት ጀመረች፣ በቀለምና በብሔር፣ እንደ አስተማሪ። አክስቴ ሰማቻትና "ሰውን ከመልኩ ወይ ከአያቱ ስም ተነስተህ ከገመትከው ያው ነው" ብላ ጎመኗን ቀጠለች። ማርቲን ሉተር ኪንግ አሜሪካ በጣም የምትለያየው እሁድ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ይል ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ አካባቢ ያሉትን የኛን ቤተ ክርስቲያኖች አሰብኩ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይቀድስ፣ ማን ከማን ተለይቶ እንደወጣ። ጎመኔን ቀጠልኩ።

የላዮቹን ፎቆች በሩጫ ነው ያየናቸው፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ ምናምን። ደስ ይላሉ፣ ግን አክስቴ እግሯ አልቆ ነበር። ቅሬታ አለህ ወይ ካላችሁ አንድ ብቻ። ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ የሚያስተረጉም ጎረምሳ አስከትሉ። በአንድ ቀን አይጨረስም፣ አትሞክሩት። የታችኛውን ብቻ በአራት ሰዓት ካያችሁት ጎበዝ ናችሁ። ከአስር ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በቀጥታ ወደ ላይ ውሰዷቸው። ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጣለሁ፣ ስድስተኛ ቢኖር ለጎመኑ።

በመልሳችን ባቡሩ ከዩኒየን ስቴሽን በኋላ ከመሬት ሲወጣ ስልኬ ጮኸ። የዳላሱ ጓደኛዬ ነው። አክስቴ አንቀላፍታለች። ልጄ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ በመስኮቱ ታያለች፣ ግን ሙዚቃው እንዳልተከፈተ አውቄያለሁ።

አነሳሁና በስሙ ጠራሁት።

ትንሽ ዝም አለ። "ምነው," አለኝ፣ "ታመሃል እንዴ?"